ኩበት ይዘው የሚመጡት እንግዳ

እትዬ የሺ ማረፋቸውን የሰማሁት ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አስተካካዩ የግራ ጉንጬን ላጭቶ ወደ ቀኙ ሊዞር ሲል፣ "ጋሼ፣ የእትዬ የሺ አስከሬን ዛሬ ከአዲስ አበባ ይገባል አሉ" አለኝ። ታመው የእህታቸው ልጅ ከወሰደቻቸው ጀምሮ ዛሬ ይመለሳሉ፣ ነገ ይመለሳሉ እያልን ስንጠብቅ ነበር። ፎጣውን ከአንገቴ ላይ አንስቼ ወጣሁ። ለቅሶ ቤት ስደርስ ሴቶቹ ፊቴን አይተው ደረታቸውን ደቁ። ግማሽ ፊቱ የተላጨ፣ ግማሹ የጎፈረ ሽማግሌ ሲመጣ ሐዘኑ ቀልቡን የነሳው መሰላቸው። አንዷማ "ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው" ብላ ለሌላዋ ስትናገር ሰማኋት። ምላጩ መሃል መንገድ ላይ ስለቀረ ነው አላልኳትም። አንገቴን ደፍቼ ሐዘኔታቸውን ተቀበልኩ። ቀጥሎም የቀረበልኝን ንፍሮ ተቀበልኩ።

እኔ እንዲህ ነኝ። የሰጡኝን እቀበላለሁ። ያልሠራሁበትን ምስጋና፣ ያልጠየቅሁትን ሁለተኛ ብርሌ፣ ለሌላ ሰው የተመረቀውን ምርቃት ሳይቀር እጄን ዘርግቼ አሜን እላለሁ። እትዬ የሺ ደግሞ ከሰው እጅ ምንም የማይቀበሉ ሰው ነበሩ። ሁለታችንን አንድ መንገድ ላይ ያገናኘን አምላክ ሳቅ ፈልጎ ይሆናል። መጨረሻው ላይ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ አጥር ጎረቤታሞች ነበርን። እሳቸው ወጣትነታቸውን መሐል ሜዳ ላይ የቤት አያያዝ መምህርት ሆነው የጨረሱ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸራ ጫማ የማይለያቸው ሴት ነበሩ። እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማህተም ስመታ ኖሬ፣ ከማህተሙ ቀድሜ የደበዘዝኩ ጡረተኛ ነኝ። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። መንገዱ ሰላም ሆኖ ሰው ሽርሽር ማለት የጀመረበት ጊዜ ነው። መኪና ያለውም መኪና የተዋሰውም ጓሳን አየሁ ለማለት ወደ መንዝ ይወጣ ነበር። እትዬ የሺ ግን ጓሳን ማየት የጀመሩት ከሁሉም በፊት ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። የሚሄዱት በሕዝብ አውቶቡስ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ በኋላ በእግራቸው ነው።

"እንግዲህ በእግር ምን ይሉታል?" አልኳቸው አንድ ቀን በአጥር ላይ። "ጭነት መኪና ይገኝ የለም ወይ፣ ላንድሮቨር ይገኝ የለም ወይ?"

"ሰው ቤት ስትገባ ጫማህን ትጠርጋለህ አይደል?" አሉኝ። "አገርም ሰው ቤት ነው። ጎማ ደግሞ አይጠረግም።"

ይህን ለባለቤቴ ለአልማዝ ሳወራላት ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ኮስተር አለ። "ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው ማለት ነው። ዘንድሮ አብረሃቸው ትሄዳለህ።" ጉልበቴ ያመኛል አልኳት። "ጉልበትህ በየቀኑ ጠላ ቤት ድረስ ያደርስሃል። ትንሽ ቢጨመርበት አይጎዳውም" አለች። በእኛ ቤት ይግባኝ የለም።

የመጀመሪያው ጉዞ ዕለት አውቶቡስ ተራ ስደርስ እትዬ የሺ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ አጠገባቸው አቁመው ጠበቁኝ። ልሸከምላቸው ብዬ ሳነሳው አፉ ተከፈተና ኩበት አየሁ። ደርቆ፣ ተደርድሮ፣ በሥርዓት የታሰረ የላም ኩበት። የአውቶቡሱ ረዳት ፖርቶ መጋላ ላይ ሊያወጣው ሲል ሸተተው።

"እማማ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ኩበት ነው።"

"ወደ መንዝ? እዚያ ከብቱ አለቀ ያለዎት ማነው?"

"ከብቱማ አላለቀም። እኔ በማድርበት ሌሊት የሚነደውን ነው የያዝኩት።"

ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየን። እትዬ የሺ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እኔ ግን ከእሳቸው ጋር መሆኔ እንዳይታወቅ ኋላ ወንበር ላይ ከአንድ የዶሮ ነጋዴ አጠገብ ተሸጎጥኩ። አልጠቀመኝም። መሐል ሜዳ ስንደርስ ረዳቱ ከላይ ሆኖ "የኩበቱ አባት፣ ይቀበሉኝ" ብሎ በአደባባይ ጠራኝ። በዚያ መስመር እስከ ዛሬ ስሜ እሱ ነው።

ለምን ኩበት እንደሚሸከሙ የገባኝ ጓሳ ስወጣ ነው። ከፍታው ጆሮ ይቆርጣል። ፀሐይ ገባ ስትል ጉሙ ይወርዳል፣ ከዚያም ውርጩ። እንግዳ የመጣበት ቤት ሁሉ እሳቱን ያተልቃል፤ እሳቱ የሚነደው ደግሞ ከሜዳው በሚነቀለው፣ ጨረንፌ በሚሉት ቁጥቋጦ ነው። "እኔ አንድ ሌሊት ሞቄ ልሂድ ብዬ ስንት ዓመት የበቀለ ይነቀል?" ይሉ ነበር። በሶአቸውን ራሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። የሻማ ቁራጭ ሳይቀር፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሳይቀር፣ የከረሜላ ወረቀት ሳይቀር ጠቅልለው ደብረ ብርሃን ይመልሳሉ። የሚረግጡት በጎች የሚሄዱበትን መንገድ ብቻ ነው። እኔ አቋራጭ ስል፣ "አቋራጭህን ነገ ሌላው ያየዋል" ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መሃል ተቀምጠን ሳለ ካፖርት ኪሴ ውስጥ ያለውን ቆሎ በተንኩላቸው። ትልቁ ወንድ ጎፈሩን እያራገፈ መጥቶ ከእግሬ ሥር ለቀመ። እኔ የንጉሥ ያህል ተሰማኝ። እትዬ የሺ የበተንኩትን ቆሎ አዩ።

"ነገ ትመጣለህ?" አሉኝ።

"ነገማ ወደ ቤታችን ነን።"

"እሱ ግን ነገ እዚሁ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አንተን ሲያጣ የገበሬው ማሳ ይገባል፤ በድንጋይ የሚመቱት እሱን ነው።"

ጭላዳው እጄን አየ። እኔ መሬት አየሁ። ከዚያ በኋላ ቆሎዬን የምቆረጥመው እንደ ሌባ ጀርባዬን አዙሬ ነው።

እንግዲህ ስለ እሸቴና ስለ ዘነበች ልንገራችሁ። ከልጆቻቸው ጋር የጓሳ ሜዳ ጠርዝ ላይ የሚኖሩ ገብስ አራሽ፣ በግ አርቢ ባልና ሚስት ናቸው። ዘነበች ልጅ ሳለች የእትዬ የሺ ተማሪ ነበረች፤ ሁልጊዜ የምናድረውም እነሱ ቤት ነው። ቤታቸው የሣር ክዳን ነው። ክዳኑ አርጅቶ በአንድ ወገን ተነድሏል፤ ዝናብ ሲመጣ ዘነበች ሰታቴውን እየገፋች ጠብታውን ታሳድዳለች። ቆርቆሮ በጊዜው ለእነሱ የሚታሰብ አልነበረም። የሚጠብቁት ጓሳው እስኪከፈት ነው።

ጓሳ የሜዳውም የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ረጅም፣ ጠንካራ ነው፤ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ፍራሽ ይሞላል። ከጥንት ጀምሮ የአገሬው ሽማግሌዎች ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩታል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያጭዳል። ዝግ ሳለ ያጨደ ሰው ሲከፈት ድርሻ የለውም። በደርግ ጊዜ ሜዳው የሁሉም ነው ተብሎ ደንቡ ፈርሶ፣ ሁሉም እንደልቡ አጭዶ፣ ሜዳው ሊራቆት ደርሶ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሽማግሌዎቹ ያንን ደንብ መልሰው ለማቆም ያዩት አበሳ ብዙ ነው። ስለዚህ በደንቡ የሚቀልድ ሰው የለም። የማልቀልድበት ነገር የሌለኝ እኔ እንኳ አልቀልድበትም።

እትዬ የሺ ለዚህ ደንብ ያላቸው ፍቅር ለብቻው ነበር። "እንዲህ ያለ ሕዝብ ቤት ስትገባ ምንም ሳትነካ ነው መውጣት ያለብህ" ይላሉ። እንዳሉትም ምንም አይነኩም ነበር። እሸቴ በግ ይጎትታል፤ "በጉ ይኑርበት" ብለው ያስመልሱታል። ዘነበች እግራቸውን ልታጥብ ውሃ ልጣድ ትላለች፤ "ቀዝቃዛው ይበቃኛል" ብለው ደጅ ወጥተው ራሳቸው ይታጠባሉ። መደቡን ይለቁላቸዋል፤ እሳቸው የራሳቸውን ዝተት በር ሥር ያነጥፋሉ። እሳቱ ሊቆሰቆስ ሲል ጆንያው ይፈታል።

እኔስ? እኔ የእሳቸው ጓደኛ ተብዬ ከፊት ለፊት "አይ፣ አይሆንም፣ አትቸገሩ" እላለሁ። ከዚያ ጓዳ እገባለሁ። ዘነበች ቅቤው የሚንጠባጠብ ጩኮ በእፍኟ ታጎርሰኛለች። "እርስዎ እንኳ ይብሉልኝ ጋሼ አስፋው" ትለኛለች። "እንኳ" የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ አላስተዋልኳትም። አፌ ሞልቶ ነበር።

አንድ ዓመት ላይ እትዬ የሺ ጆንያውን ሲፈቱ ዘነበች ፊቷን አዞረች።

"እትዬ፣ እኛ ቤት እሳት የለም ብለው ነው?"

"ኧረ ልጄ፣ ሜዳው እንዳይጎዳ ብዬ ነው እንጂ።"

"እሺ" አለች። ኩበቱን ተቀብላ ጓዳ አስገባች። ቆይቼ ሳይ ግን ምድጃው ውስጥ የሚነደው የራሷ ኩበት ነበር። የእኛን ከአጥሩ ጥግ ላይ ከነጆንያው አስቀምጣዋለች። ለእትዬ የሺ አልነገርኳቸውም። ነገሩ የሴቶች ጉዳይ ነው ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ስንመጣ ከሰዓት በኋላ ነው የደረስነው። እሸቴ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን፤ አዲስ ጋቢ ለብሷል። በሩን ገፋ አደረገና "ይግቡ" አለ።

ቤቱ ውስጥ ከደጃፉ እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ መደቡ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጓሳ ተጎዝጉዟል። መደቡ ላይ ደግሞ ተቆልሎ፣ በላዩ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ተነጥፎበታል። ሽታው እንደ ዝናብ ማግሥት ነው። እኔ ምን አሰብኩ? ምንም። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ጉልበቴ ያሰበልኝን ነው ያደረግሁት። ጫማዬን አውልቄ እንደ ደከመ ፈረስ ተንከባለልኩበት። "እሸቴ፣ ዛሬ ቤተ መንግሥት ነው ያስገባኸን" አልኩ።

እትዬ የሺ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ደጅ።

"እሸቴ፣ ጓሳው ተከፈተ እንዴ?"

"አልተከፈተም እትዬ።"

"ታዲያ ይሄ?"

"ለእርስዎ ነው።"

እኔ መንከባለሌን አቆምኩ።

"በግ እንረድ ስንል አይሆንም አሉ" አለ እሸቴ፤ ዓይኑ ከመሬት አልተነሳም። "ውሃ እናሙቅ ስንል አይሆንም አሉ። እሳት ስንል እሳትዎን ይዘው መጡ። እርስዎ የሚወዱት ይሄን ሜዳ ነው። ከሚወዱት ሌላ ምን ልስጥዎት? አሁን እምቢ ቢሉም ታጭዷል።"

"ጣሪያህስ? ድርሻህስ?"

"ካላወቁብኝ ምንም አልሆን። ካወቁብኝም..." ትከሻውን ነቀነቀ።

ዘነበች ከጓዳ ወጣች። የወትሮው ፈገግታዋ የለም። "እትዬ፣ እርስዎ በሄዱ ቁጥር ጎረቤት ይጠይቀኛል። መምህርትሽን ምን አብልተሽ ሸኘሻቸው ይለኛል። ምን ልበል? ይዘውት የመጡትን በሶ በሉ፣ ይዘውት በመጡት ኩበት ሞቁ፣ በር ሥር ተኝተው ሄዱ ልበል? እንዲህ የሚደረገው የተናቀ ቤት ነው።"

"መናቄ አልነበረም ልጄ።"

"እኔ አውቃለሁ። አገሩ ግን አያውቅም።"

እትዬ የሺ ደጅ የቀረውን እግራቸውን አነሱ። ቀስ ብለው ገቡ። በሰው ላይ እንደሚራመድ ሰው እግራቸውን እያነሱ እያስቀመጡ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሸራ ጫማቸውን ፈቱ።

"ውሃ አሙቂልኝ" አሉ።

ዘነበች ውሃውን ጣደች። ኩበት አልጨመረችም፤ ጨረንፌውን ነው ያነደደችው፤ እትዬ የሺም ምንም አላሉም። እግራቸውን ስታጥብ አንገታቸውን እንደ ተቀጣ ተማሪ ደፍተው ነበር። በዚያ ሣር ላይ አደሩ። ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ አገኘኋቸው።

"አንተ ግን እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?" አሉኝ።

"ለስላሳ ነበር" አልኩ።

ዕለቱ ሰንበት ነበር። ሜዳውን የሚጠብቁት ሰዎች የታጨደውን ቦታ አይተው፣ የወደቀውን ሣር ዱካ ተከትለው እሸቴ ደጅ ድረስ መጥተው ነበር። ቅዳሴ እንዳበቃ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው አያ ጌታነህ ይባላሉ፤ በርኖሳቸው ውስጥ ጠፍተው ዓይናቸውና በትራቸው ብቻ የሚታዩ ሽማግሌ። ሕዝቡ ከብቦ ቆመ። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ነገሩ አይመለከተኝም ብዬ ከአንድ ሰፊ ትከሻ ካለው ሰው ጀርባ ተጠለልኩ።

"እሸቴ፣ አንተ ነህ ያጨድከው?" አሉ አያ ጌታነህ።

"እኔ ነኝ።"

"ዝግ መሆኑን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ።"

ምክንያት ይናገራል ብለው ጠበቁት። እሱ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ በበትራቸው መሬቱን ጫሩ። "ቤትህ እንደሚያፈስ ሁላችንም እናውቃለን። የምንሰቀቀውም ለዚህ ነው። ግን ለአንተ ብለን ያላላነውን ለሌላው ምን ብለን እናጠብቀዋለን? ሲከፈት ድርሻ የለህም።"

ዘነበች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያን ጊዜ እትዬ የሺ ከሴቶቹ መሃል ወጡ።

"ያጨደው እሱ ነው፤ ያሳጨድኩት ግን እኔ ነኝ" አሉ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ሁሉ የጠራ ነበር። "ስንት ዓመት ቤቱ ስገባ አንድ ጣሳ ሙቅ ውሃ እንኳ እንዲሰጠኝ አልፈቀድኩለትም። የሚሰጠኝ ሲያጣ የማይሰጠውን ሰጠኝ። ቅጣቱ የእኔ ነው፤ ከእኔ ውሰዱ።"

አያ ጌታነህ በአክብሮት ቀና ብለው አዩዋቸው። ሊያስቀይሟቸው እንዳልፈለጉ ያስታውቃል።

"እትዬ፣ ምን እንወስዳለን? ድርሻ የለዎት፣ ማሳ የለዎት፣ በግ የለዎት። እርስዎ እዚህ ምንም የለዎትም እኮ።"

ሽማግሌው በቅንነት ነው የተናገሩት። እትዬ የሺ ግን በጥፊ እንደተመታ ሰው ቆሙ። ምንም ሳይተዉ መሄዳቸው ኩራታቸው ነበር። ይህ ኩራታቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙ ተቀይሮ ተመለሰላቸው።

እኔ በበኩሌ ለመጥፋት እየሞከርኩ ሳለ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ አንዲት አሮጊት እጇን ዘርግታ ከካፖርቴ ጀርባ አንድ የጓሳ ዘለላ ነቅላ አሳየችኝ። ሌላም ነበር፤ ፀጉሬ ውስጥ፣ አንገትጌዬ ውስጥ፣ ክንዴ ላይ። ያ ሁሉ ሰው ስለታጨደው ሣር ሲነጋገር ሣሩን ለብሼ ቆሜ ነበር። የሳቀ አልነበረም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በመመለሻችን ወደ መሐል ሜዳ ስንወርድ እትዬ የሺ ብዙ አልተናገሩም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆሙና፣ "ምንም የለዎትም አሉኝ እኮ አስፋው" አሉ። የሚያስቅ ነገር ልፈልግላቸው አሰብኩ። ያገኘሁት አንገትጌዬ ውስጥ የቀረ አንድ የጓሳ ዘለላ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አልሄዱም። የማዳበሪያው ጆንያ ባዶውን አጥራቸው ላይ ተሰቅሎ ከረመ። አልማዝ "ምን አድርገሃቸው ነው?" እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እኔም የተናገርኩት ነገር ኖሮ እንደሆነ እያልኩ ራሴን ስመረምር ሰነበትኩ። ብዙ አገኘሁ፣ ግን አንዱም እሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ባለው በጋ ነው ከመሐል ሜዳ ገበያ ወሬው የመጣው፤ ጓሳው ሊከፈት ነው። እትዬ የሺ በአጥሩ ጠሩኝ።

"እንሂድ።"

"ምን ልንሠራ? እኛ ድርሻ የለን፣ እነሱም ተቀጥተዋል።"

"ያን ቀን ባዶ እጁን የሚቆም ሰው አለ። አብረነው እንቆማለን።"

ጆንያውን ለመያዝ እጄን ስሰድ፣ "ተወው" አሉኝ።

የመክፈቻው ዕለት አገሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ገመድ፣ ማጭድ። አያ ጌታነህ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው አቡነ ዘበሰማያት አደረሱ፤ ሕዝቡ አብሮ ደገመ። ከዚያ በትራቸውን አነሱና ማጭድ ሁሉ አንድ ላይ ገባ። የዚያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እሸቴ ከዳር ቆሟል። እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ የሰው ሣር ሲታጨድ ያያል። ከትናንት ወዲያ በጠብታው የበሰበሰ ወጋግራ ቀይሬያለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ። በጎኑ ዘነበች፣ በጎኗ እትዬ የሺ። እኔ ከፈረስ ጠባቂዎቹ ጋር ጥላ ፈልጌ ተቀምጫለሁ፤ ከእነሱም አንዱ ጠላ አቀብሎኛል። ተቀብያለሁ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ዘነበች ቀስ ብላ፣ "የወደቀውን መልቀም ግን ለማንም አልተከለከለም" አለች።

"እሱ የምስኪኖች ነው" አለ እሸቴ በቁጣ። እውነቱን ነው። ከአጫጆቹ ኋላ የሚለቅሙት ለመጥረጊያና ለገመድ የሚሆናቸውን የሚፈልጉ ረዳት የሌላቸው አሮጊቶች ነበሩ። ገበሬ የሆነ ሰው እዚያ መሃል አይገባም።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ገቡ።

ጎንበስ ብለው አንዲት ዘለላ አነሱ። ሌላ። ሌላ። ከፊታቸው ያለው አጫጅ ዞሮ አያቸው። ቀጥሎ ያነሳው ጭብጥ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። እትዬ የሺ ጭብጡን ሰብስበው ተከተሉት።

"ልጄ፣ ወደቀብህ።"

"የእኔ አይደለም እትዬ።"

"አሁን ካንተ እጅ ሲወድቅ አየሁ እኮ።"

"ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል" አለና ማጨዱን ቀጠለ።

ከጎኑ ያለውም ጣለ። ከዚያ ወዲያ ያለችው ሴት ታቅፋው የነበረውን ነዶ እግሯ የተደናቀፈ መስላ ግማሹን በተነችው። እትዬ የሺ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጡ ለመመለስ ሲሞክሩ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ተቆጥተው አያ ጌታነህ ዘንድ ሄዱ።

"አያ፣ ሰዎቹ ሆን ብለው እየጣሉ ነው። ደንብ ሊፈርስ ነው።"

አያ ጌታነህ ወደ ሜዳው አሻቅበው አዩ። "እኔ ሩቅ አይታየኝም" አሉ። "የወደቀ ግን የለቃሚው ነው፤ ይሄም ደንብ ነው።" ይህን ሲሉ ከሥራቸው የተቀመጠውን የራሳቸውን ነዶ በበትራቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። ማሰሪያው ተፈታ።

ዘነበች ከኋላ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። "እትዬ፣ እባክዎን። ዛሬ ዝም ብለው ይቀበሉ።"

ቆሙ። ቀይ ሆኑ፤ የእሳቸው ዓይነት ጠይም ሰው እንዴት እንደሚቀላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ ሳቡና ጎነበሱ። አንድ ጭብጥ በወደቀላቸው ቁጥር "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ፤ ቃሉን ገና እንደሚማር ሰው ዝግ ብለው። እሸቴ ለጣሪያው የምታጎነብስ አሮጊት ማየት አቅቶት ኩራቱን ጥሎ ገባ። ልጆቹም ተከተሉት።

እኔ ከሁሉም ኋላ ነው የተነሳሁት። የያዝኩትን ጠላ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀበል ኖሬ አንድም ቀን ወገቤን አጉብጬ አላነሳሁም ነበር። ሁልጊዜ እጄ ላይ ነው ያስቀመጡልኝ። ስለቅም ወገቤ ጮኸ። ጎኔ ያለችው አሮጊት "ዘንድሮ ለብሰውት አልመጡም" አለችኝ፤ አወቅኋት፣ ያቺ ናት። ፊቴን ልደብቃት ነጠላ እንኳ አልነበረኝም።

ሲመሽ ለእሸቴ ቤት የሚበቃ ሣር ተከምሮ ነበር። እትዬ የሺ አንዱን እስር ራሳቸው ካልተሸከምኩ አሉ። ከኋላ ሆኜ አነሳሁላቸውና ገመዱን ግንባራቸው ላይ አደረግሁት። ጥቂት እንደሄድን እርምጃቸው ሲያጥር አየሁ።

"እትዬ፣ ከበደዎት እንዴ?"

"በጣም" አሉ።

ላውርድልዎት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አላወረዱትም።